ባለአበባው ገበር

ጥቅምት 6 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተህልኛል? በሄድክበት ሁሉ ፊቱን የሚያበራልህ ሰው አይጥፋ፤ ወጥተህ ስትገባ ክፉ አይይህ።

እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። የቀኙ ጨርሶ ተዘግቷል፤ የግራው ሲያሻው ይሰማል፣ ሲያሻው ያኮርፋል። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና የተንጫጫበት ጆሮ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ለምን ስልክ አታነሺም አትበለኝ። አንተ «ሃሎ» ስትል እኔ «ምን?» ስል ቀኑ ይመሻል። ወረቀት ይሻለናል። ወረቀት ቁጭ ተብሎ ይነበባል፣ ካልገባም ይደገማል።

አሁን ወደ ክሴ ልግባ። የምከሰው ያን የመጨረሻ ወንድማችንን ነው። ጩጬ ክረምት ላይ ወዳንተ ሲነሳ «እታለም፣ ለጊዜው ብቻ ያዢልኝ» ብሎ የውሻውን ገመድ እጄ ላይ ጥሎብኝ ሄደ። ሁለታችሁንም ያሳደግኩ እኔ ነኝ፣ አልካድኩም፤ ውሻ አሳድጋለሁ ብዬ ግን ቃል የገባሁት የለም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ያወጣው ጩጬ ነው፣ ቀውጢ ብሎ፤ መልአክም ቢመጣ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ከተማ ያለ እሱ መውጣት ትቻለሁ። ባለፈው አንድ ሞተር ሳይክል ከኋላዬ ሲመጣ ሳልሰማው ቀርቼ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ስለዚህ አሁን ጆሮዬ ቀውጢ ነው። መኪና ሲመጣ ይጮሃል። ችግሩ መኪና ሳይመጣም መጮሁ ነው። ክር ልገዛ ስወጣ እሱ ይገዛኛል ማለት ይሻላል፤ ከወፍጮ ቤት ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወደ ፖስታ ቤት ሲጎትተኝ መሬት የምረግጠው አልፎ አልፎ ነው። ፖስታ ቤት በኋላ እግሮቹ ቆሞ መስኮቱ ላይ ይወጣና ቴምብር የምታጣብቀዋን ልጅ ይልሳታል። ጫማ ሰፊው ከሩቅ ሲያየን ማስቲሹን ይከድናል። ሥጋ ቤቱ በራፍ ላይ ስለሆነው ግን አልጽፍልህም፤ እዚያ መንገድ ቀይሬያለሁ።

ሁሉንም ሰው ይወዳል፤ ያየውን ሁሉ ዙሪያውን እየዞረ ጭራውን ይቆላለታል። ሁለት እጁን ደረት ላይ ጭኖ እንደ ሕፃን የሚያለቅሰው ግን ለጩጬ ብቻ ነበር። ልጁ ከሄደ ወዲህ ያን ልቅሶ አልሰማሁትም። ለቀውጢም አዝናለሁ።

የጂንስ ጃኬቱንስ ይለብሰዋል? ብርዱን ፈርቼ ከጎረቤቴ መጋረጃ በተረፈ ባለአበባ ጨርቅ ገበር ሰፋሁለት። ቀይ አበባ ነው፣ ትልልቅ። «ወንድ ልጅ አበባ ይለብሳል እንዴ?» ብሎ አኮረፈኝ። ከውስጥ ማን ያየዋል አልኩት። እዚያ ሲያወልቅ ሰው እንዳያይበት ገልብጦ ይይዘው ይሆናል፤ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ጻፍልኝና ልሳቅበት።

ጠንካራ የውሻ ማሰሪያ ካገኘህ ላክልኝ። ጩጬም በእጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ከሄደ ወዲህ ሰላምታው ሁሉ ባንተ አፍ ነው የሚመጣው።

ለጩጬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህታችሁ

ጥቅምት 29 ቀን

ለእናታችን ምትክ ለእታለም፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ሙሉ ይሁን። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ በእረፍት ሰዓት አነበብኩት፤ ስስቅ ያዩኝ ሰዎች ምን ነክቶት ነው ብለዋል።

ሁላችንም ደህና ነን። እኔ አሁንም ያው ላውንደሪው ውስጥ ነኝ፣ የሆቴሎቹን አንሶላ ሳጥብ እውላለሁ። የምንጠቀምበት ሳሙና ሌላ ነው እታለም። አንድ ጊዜ ከታጠበ ጨርቁ የማንም አይደለም። ማን ተኛበት፣ ማን አላበው፣ ማን አለቀሰበት፣ ምንም ጠረን አይቀርም። ቀውጢ እዚህ ቢመጣ ሥራ ፈት ነው። ከማሰሪያው ጋር ሁለት ፓኬት ጨምሬልሻለሁ፤ ለደንበኞችሽ ልብስ ይሁንሽ።

ጩጬ ደህና ነው። ሰላም ይልሻል። ሥራ ስለጀመረ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም፣ ታውቂው የለ፣ ብዕር ሲያይ እጁን ያመዋል። ጃኬቱን ከላዩ አያወልቅም። እዚህ ብርዱ ጨክኗል፣ ሥራ ላይ ሁሉ ለብሶት ነው የሚውለው። ስለ አበባው አልነገረኝም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቀውጢን ይዘሽ ከተማ ባትወጪ ደስ ይለኛል። ሰው ላይ ይዘልላል፤ የማታውቂው ሰው ጋ ያነካካሻል። የሚያስፈልግሽን ሰው ልከሽ አስገዢ። ስለ እኛም ለሁሉም ሰው አታውሪ፤ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

ክፉ አይንካሽ።

ወንድሞችሽ

ኅዳር 22 ቀን

ለምወድህ ወንድሜ፣

ደጅህ ሰላም ይዋል፤ የረገጥከው ይቅናህ፤ የያዝከው ይባረክልህ።

ማሰሪያውም ሳሙናውም ደረሰኝ። ማሰሪያው ቆንጆ ነው፤ ቀውጢ በመጀመሪያው ቀን ሊበላው ሞከረ፣ በሁለተኛው ቀን ተሸነፈ። ከተማ አትውጪ ያልከውን ግን በአንድ ጆሮዬ ሰማሁት፤ ሌላው ዝግ ነው ብዬሃለሁ። ሰው ልኬ ላስገዛ? ሰው ልኬ ሰማያዊ ክር ባዝዝ አረንጓዴ ነው የሚመጣልኝ።

ያሳፈረኝን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ክርና አዝራር የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ዚፕ እየመረጥኩ ነው። ቀውጢ ከእግሬ ሥር ተኝቷል፣ ያን ቀን ጨዋ ሆኖልኝ ነበር። አንድ ሰው ከውጭ ገባ። ውሻው ብድግ አለ፣ አፍንጫውን አነሳ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ከእጄ ነጥቆ ሄደ። ሁለት እጁን ሰውዬው ደረት ላይ ጭኖ አለቀሰ። ያን ልቅሶ ነው የምልህ፣ የጩጬን። ፊቱን ብብቱ ውስጥ ይወትፋል፣ ኪሱን ይነክሳል፣ ይስቃል ብል ይቀለኛል። ገመዱን ይዤ ብጎትት የሰውዬውን የጃኬት ኪስ በጥርሱ ይዞ አብሮ መጣ። ኪሱ ተቀደደ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። ሳቀ። ብዙ ቁልፍ የተሰካበት ቀለበት በጣቱ ያሽከረክራል። «ምንም አይደል ቤተሰብ፣ ውሻ ነው» አለኝ። ሁሉንም ሰው ቤተሰብ ነው የሚለው፤ ባለሱቁንም ቤተሰብ፣ በር ላይ የቆመውን ተሸካሚም ቤተሰብ። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ኪሱን እኔ እሰፋልሃለሁ አልኩት። ጃኬቱ እንኳ ያው ከተማው ውስጥ ግማሹ ወንድ የሚለብሰው ዓይነት ጂንስ ነው፤ ቢሆንም የእኔ ውሻ ቀዶት እኔ ሳልሰፋው ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ውሻው የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የታናሽ ወንድሜ ነው፣ ክረምት ላይ ወደ ውጭ ሄዶ አሁን ታላቁ ጋ ገብቷል አልኩት። ቁልፉን ማሽከርከር ተወ።

«ደርሷል?» አለኝ።

«ደርሷል» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ፣ እኔም ደግሜ መለስኩለት። ከዚያ ቤትሽ የት ነው፣ ጃኬቱን ራሴ አመጣልሻለሁ አለና ነገርኩት። ከሱቁ እስክንወጣ ዓይኑን ከቀውጢ ላይ አልነቀለም። ጨዋ ሰው ነው። ውሻ ሰው ያውቃል ይባላል፤ ቀውጢም ለዚህ ሰው ያለቀሰው ያለ ነገር አይደለም ብዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ልቤ ደስ ብሎት ነበር።

ጩጬ መጻፍ ካቃተው የተነሳውን ፎቶ ላክልኝ። ጃኬቱን ለብሶ ይነሳ። ከስቶ እንደሆነ በገበሩ አውቃለሁ፣ ልኩን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ለጩጬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህታችሁ

ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእታለም፣

ሰላምሽ ይብዛ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀናት አልፈዋል። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ሰውዬው ልጠይቅሽ። መልኩ ምን ይመስላል? ለሁሉም ሰው ቤተሰብ ይላል ያልሽኝ እርግጠኛ ነሽ? ድምፁ ጎርነን ያለ ነው? ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ፣ አታስቢ። ጃኬቱን ካመጣልሽ ሥራ በዝቶብኛል በይና ሳትነኪው መልሺለት። ቤት አታስገቢው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰማሽም? ደግሞ ስለ ጩጬ መድረስ አለመድረስ ለማንም ምንም አትበዪ።

ፎቶ ለጊዜው አይሆንም። ጩጬ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ሰሞኑን አንገናኝም። እንደተመለሰ አስነሳዋለሁ። ደህና ነው።

ከተማ መውጣት ካለብሽም ቀውጢን ቤት አስረሽ ውጪ። እባክሽ እታለም። ሌላ ጊዜ ለምኜሽ አላውቅም።

ወንድሞችሽ

ጥር 4 ቀን

ወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ ግን ጃኬቱ ቀድሞት ነው የደረሰው።

ሰውዬው ጃኬቱን ለብሶት መጣ፤ ደጃፉ ላይ አውልቆ ሰጠኝ። ቀውጢ ያው ሆነ፣ ተንከባለለ፣ አለቀሰ። ሰውዬው በሸሚዙ ሲወጣ ግን ዞር ብሎም አላየው። ጃኬቱ ላይ ወጥቶ ተኛ። እየገፈተርኩ ነው ያስለቀቅኩት።

ያልታጠበ ጨርቅ ላይ መርፌ እንደማላሳርፍ ታውቃለህ። ከልጅነቴ ያስተማረችኝ ባለሙያ እጄን በመለኪያ እንጨት እየመታች ያስለመደችኝ ነው፤ ቆሻሻ ላይ የተሰፋ ስፌት ሲታጠብ ይጨማደዳል። እንዳመጣው ሳልገልጠው ሳፋ ውስጥ ነከርኩት፣ ያንተን ሳሙና አፍስሼ አዋልኩት። አሸሁት፣ አለቀለቅሁት፣ ጨመቅሁት። ፀሐይ ጂንሱን እንዳታነጣው ገልብጬ ላሰጣው ገመዱ ላይ ሳነሳው አበባው ወጣ።

ቀዩ አበባ። የጎረቤቴ መጋረጃ። ብብቱ ሥር ጨርቁ አጥሮብኝ የቀጠልኩባት ቁራጭ ሳትቀር።

ብዙ ሰዓት እዚያው ቆምኩ። ውሃው እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። ቀውጢ መጣና ጃኬቱን አሸተተው፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ አልፎት ሄዶ ጥላ ሥር ተኛ።

ቤት ስገባ ደብዳቤህ በበሩ ሥር ተጥሎ አገኘሁት። ጩጬ ሌላ ከተማ ሄዷል ይላል። ከዚያ በፊት የላክኸውንም አወጣሁና አነበብኩት። ጃኬቱን ከላዩ አያወልቅም ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይህ ነው። አንተ ስትዋሽ ገና ልጅ ሆነህም እዚህ እዚያ እያልክ ቃል ታበዛ ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ሁሉ አጠረ። እንዳልጠረጠርኩ አድርጌ የቆየሁት እኔ ነኝ። ሰላም ይልሻል ስትለኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሰውዬው ኪሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ይመጣል። ልጠይቀው ነው። ልጁ ሰጥቶት ይሁን፣ ሽጦለት ይሁን፣ አላውቅም። አንተ ግን ፎቶ አልልህም፣ ረጅም ደብዳቤ አልልህም። በጩጬ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር ላክልኝ። «አለሁ» ትበል፣ ይበቃኛል። እጁን አውቀዋለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ካልላክህልኝ ደግሞ የሚነግረኝን ሰው እሰማለሁ።

ለጩጬ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህታችሁ

ጥር 24 ቀን

እታለም፣

ይህ ደብዳቤ ዛሬውኑ እጅሽ ቢገባ ምን ነበረበት። ደብዳቤሽን አሁን ነው ያነበብኩት፣ የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ። ለባለመጋረጃዋ ጎረቤትሽ ደወልኩ፣ ቤት ቀይራ ሄዳለች። ሌላ ስልክ የለኝም። የከተማው ፖሊስ ጋም ደወልኩ፣ ሰው መጥቶ ያመልክት አሉኝ።

ሰውዬውን ቤት አታስገቢው። የሚልሽን አትመኚው። የትም አብረሽው አትሂጂ።

ጩጬ እኔ ጋ አልደረሰም። አንድም ቀን እዚህ አልነበረም።

የሚያመጣውን ሰው የፈለግኩለት እኔ ነኝ። በስልክ ብቻ ነው የማውቀው። ድምፁ ጎርናና ነው፣ እየሳቀ ነው የሚያወራው፣ «አታስብ ቤተሰብ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ በሳምንት ውስጥ ይደርሳል አለኝ፤ አንቺንም እንዳላስጨንቅ ደርሷል ብዬ ጻፍኩልሽ። ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይገባል እያልኩ ውሸቱ ወር ሆነው። ከዚያ ስልኩን ዘጋው። አብረውት ከተነሱት ሁለቱ ኅዳር ላይ እዚህ ደረሱ። ጩጬ መንገድ ላይ አተኩሶት አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ እንደቀረ ነገሩኝ። ሰውዬው እኔ ቆይቼ አመጣዋለሁ ብሎ በሩን ቆልፎ እነሱን አሳፈራቸው። ጃኬቱን ለብሶ ነበር አሉኝ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉኝ።

እታለም፣ ጃኬቱን ማን እንዳወለቀለት ማሰብ አልችልም። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጃኬቱን ለማንም አይሰጥም።

ሱቁ ውስጥ «ቤተሰብ» ብሎ ጠራኝ ብለሽ ስትጽፊልኝ ወዲያው ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ እኔ ጠርጥሬም ዝም አልኩ። አንቺን ላለማስደንገጥ ብዬ ነው ብልሽ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል፤ ከአፌ ማውጣት ነው ያቃተኝ።

ያ ሰው አሁን ጩጬን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ አውቋል። እህቱ አንቺ እንደሆንሽም ነግረሽዋል፤ ቤትሽንም ያውቃል። ቀውጢ ሰው አላወቀም፣ ጃኬት ነው ያወቀው። በሩን ቆልፊ። ጫማ ሰፊው ጋ ሄደሽ እደሪ፣ ሥጋ ቤቱም ቢሆን ይቅር ይልሻል።

እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ

ጥር 26 ቀን

ወንድሜ፣

መልስህ አልመጣም። ምርቃቱን ለሌላ ቀን አቆይልኝ። ሻንጣዬን ዘግቼ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ሰውዬው በመኪና መጥቶ ሊወስደኝ ነው።

አትደንግጥ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጃኬቱን ሊወስድ ሲመጣ ገበሩን ገልጬ ፊቱ ላይ ያዝኩለት።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጁ የት ነው?» አልኩት።

ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ። ጩጬ መንገድ ላይ ታሞ ነበር፣ ድንበሩ አጠገብ አንዲት ደግ ሴት ቤት ተኝቶ እየታከመ ነው፣ እንዳትጨነቂ ብለው ሁለቱ ወንድሞችሽ ተማክረው ደበቁሽ አለኝ። ጃኬቱንም በገዛ እጁ አውልቆ ሰጥቶታል፤ እህቴን ካገኘሃት ታውቀዋለች ብሎ። ታዲያ ሱቁ ውስጥ ለምን አልነገርከኝም ስለው «ደርሷል ስትዪኝ ክው አልኩ፣ ምን ልበልሽ ቤተሰብ?» አለኝ። እውነትም ያን ቀን ክው ብሎ ነበር፣ ጽፌልሃለሁ። አሁን ልጁ እህቴን አምጡልኝ እያለ ያለቅሳል አለኝ። ከዚህ በኋላ የሰማሁት የለም፣ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

ለምን አመንሽው ትለኝ ይሆናል። ያሳመነኝ ቀውጢ ነው። ሰው ይዋሻል፣ አንተም ዋሽተኸኛል፤ ውሻ ግን አይዋሽም። ለጩጬ ብቻ የሚያለቅሰውን ልቅሶ ለዚህ ሰው ሲያለቅስለት በዓይኔ አይቻለሁ። ከልጁ ጋር ባይዋደድ ይህ ውሻ እንዲህ አይሆንለትም አልኩ።

ሰውዬው ጠንቃቃ ነው። ለማን ነግረሻል ብሎ ጠየቀኝ። ላንተ ብቻ ጽፌ እንደሆነ ነገርኩት። ፖሊስ ጋ ሄደሽ ነበር ወይ አለኝ፣ አልሄድኩም አልኩት። እንግዲህ ለጎረቤትም እንዳትነግሪ፣ የድንበር ነገር ስስ ነው አለኝ። ደብዳቤ የምትጽፊም ከሆነ ለኔ ስጪኝ፣ ፖስታ ቤት እየደረስሽ አትድከሚ፣ እግረ መንገዴን አስገባዋለሁ አለ። ይህኛውንም ለእሱ ልሰጠው ነው። ውሻውን ግን አልፈለገውም። መንገድ ላይ ያስቸግራል፣ ይቅር አለ። ጫማ ሰፊው ጋ ላስቀምጠው ተነጋግሬያለሁ፣ ስናልፍ እናወርደዋለን።

እውነቱን ለመናገር የቀውጢ ነገር ግራ ገብቶኛል። ሰውዬው ጃኬቱን ሊወስድ የመጣ ቀን አልዘለለበትም። ጃኬቱን ሲለብሰው እያየ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለና አልጋ ሥር ገባ፤ ሰውዬው እስኪሄድ አልወጣም። የበላው ነገር ነው ብዬ ውሃ ሰጠሁት። በማግስቱ ከተማ ይዤው ብወጣ ግን ምንም አልሆነም፤ ወፍጮ ቤቱን አተራመሰ፣ ቴምብር የምታጣብቀዋን ልጅ ጉንጭ ላሰ፣ ያው የድሮው ቀውጢ ነው። ትናንት ደግሞ ሰውዬው ሰዓቱን ሊነግረኝ ብቅ ሲል እንደገና አልጋ ሥር። አሁንም ይህን ስጽፍልህ ጆሮውን አቆመና ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ሆዱን መሬት እያስነካ ገባ። ከአልጋው ሥር ውሃ ሲፈስ አየሁ፤ ሸንቶ ነው። ሰውዬው መጥቷል ማለት ነው፣ እኔ አልሰማሁም። ጃኬቱን ስላጠብኩት ይሆናል የማያውቀው።

ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። ይህችን የመጨረሻ መስመር ደግሜ አነበብኳት።

ወንድሜ፣ ቀውጢ ይህን ሰው ድሮም አያውቀውም። ያወቀው ጃኬቱን ነው። በሳሙናህ ሳጥበው ጩጬ ከጨርቁ ወጣ፣ የቀረው ሰውዬው ብቻ ነው። ውሻው ሰውዬውን ብቻውን ሲያገኘው ደግሞ ይኸው የሚሆነው። ይህ ውሻ ማንንም ፈርቶ አያውቅም። ሥጋ ቤቱ ቢላዋ ይዞ ሲያባርረው እንኳ ጭራውን እየቆላ ነበር የሚሮጠው።

ደግሞ ልጁ የሚታከም ከሆነ፣ ብርድ የሚፈራው ልጅ፣ ጃኬቱ ለምን ከሱ ጋር አልሆነም? አንድ ቃል ጽፎ መላክ ሲቻል ጃኬት ማን ይልካል? ይህን እስካሁን አለመጠየቄ ይገርመኛል። መጠየቅ ስላልፈለግኩ ነው።

የበሩ መቀርቀሪያ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እያንኳኳ ነው። ድምፁ አይሰማኝም፣ ብረቱ ሲዘልል ብቻ ነው የማየው። አሁን ቆመ። አሁን ደግሞ ጥላው በመስኮቱ መጋረጃ ላይ አለፈ። ቤቱን እየዞረ ከሆነ ወደ ጓሮው ለመድረስ በጎረቤት አጥር በኩል መዞር አለበት፤ ያ ረጅም ነው፣ እኔ በፊት ለፊቱ በር ወጥቼ እቀድመዋለሁ።

ሻንጣውን እዚሁ ትቼዋለሁ። ቀውጢን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ባንተ ማሰሪያ አስሬዋለሁ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አይጎትተኝም፣ ጉልበቴን ተጠግቶ ቆሟል። ከተማ እንወጣለን፣ እንደ ወትሮው። መጀመሪያ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ይህን ደብዳቤ ለማንም አልሰጥም። እጅህ ከገባ በገዛ እጄ አስገብቼዋለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ለኔ አትፍራልኝ።

አንተ ግን የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ። አታሳጥርልኝ። ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ፣ ካልገባኝም እደግመዋለሁ።

ለጩጬ ሰላምታ አልላክሁም።

እህትህ